በረዶው ውስጥ የጠፋው ነጭ ቡቺ

ከእኔ ስሙ፤ ነጭ ውሻ በረዶ ላይ እንዳትለቁ።

አማቴ እትዬ በለጡ ከአዲስ አበባ እንደመጡ ውጭ አገር የምንኖርባት ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ በበረዶ ተሸፈነች። ባለቤቴ ሥራ ገቢ ስለነበረች «እማዬን በረዶ አሳያት፤ ቡቺንም አናፍሰው» ብላ ሁለቱንም ጣለችብኝ። ቡቺ የምትሳሳለት ትንሽ ውሻዋ ነው። እትዬ በለጡ ግን ውሻ አይነኩም። «ነገ ቅዳሴ አለብኝ፤ ከነካኝ እንዴት እገባለሁ?» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ከመኪናዬ የኋላ ወንበር ጥግ ያዙ።

ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ፓርክ ደረስን። እሳቸው «ከዚሁ ሆኜ አየዋለሁ» ብለው መኪናው ውስጥ ቀሩ። እኔ ቡቺን ለቅቄ በረዶ ልጠቀልል ጎንበስ አልኩ፤ ቀና ስል የለም! ሚስቴን ምን እንደምላት እያሰብኩ «ቡቺ! ቡቺ!» እያልኩ ስጮህ አንድ ነጭ ውሻ እየበረረ መጣ። ተመስገን ብዬ አቅፌው ወደ መኪናው ስሮጥ፣ አንዲት ሴት ከኋላዬ በአማርኛ ጮኸች፦

«ወንድሜ፣ ቡቺዬን የት ነው የምትወስደው?»

ለካ ባሕር ተሻግረንም ለውሻ ሌላ ስም አላወጣንም!

ይቅርታ ጠይቄ ውሻዋን መለስኩላት። ለእትዬ በለጡ መርዶውን ልነግር የመኪናውን በር ስከፍት፣ የእኛው ቡቺ ጭናቸው ላይ በነጠላቸው ተጠቅልሎ ያንኮራፋል። «እትዬ፣ ውሻ አቀፉ?» አልኩ።

«ምን ያስገርምሃል? መጥቶ በሩን ሲቧጥጥ ዝም ልበለው?» ብለው ተቆጡኝ። «ደግሞ በዚህ ብርድ በባዶ እግሩ ትሰደዋለህ?»