በግራዬ የቆመው አበልጄ

ሰው ስለ ራግቢ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማስረዳው ሚስኪያን ነው። ከሁለቱም ወገን ስምንት ስምንት ሰው ሆነን፣ ጎንበስ ብለን፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን የምንገፋፋበት ነው፤ ከሩቅ ላየው የበሬ ግጥሚያ ይመስላል። እኔ የፊተኛው መስመር ላይ መሃል ነበርኩ። ግራ ክንዴን በግራዬ ባለው ጓደኛዬ ጀርባ ላይ ጥዬ፣ ማሊያውን ጨምድጄ እገባለሁ። እሱ ከለቀቀኝ አንገቴን ነው የማጣው። በዚያ ቦታ ለዓመታት የቆመው አበልጄ ነበር።

አበልጅ የሆንነው በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳውቀው ከሮም ወጣ ብሎ ካለው የካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የስደተኞች ማዕከል በባቡር እየተመላለሰ ልምምድ የሚመጣ የደሴ ልጅ ነበር። እኔ እዚሁ ሮም ተወልጄ፣ እናቴ የሰው ቤት እየሠራች ያሳደገችኝ ነኝ። እሱ ጣልያንኛው ሲያስቸግረው እኔ አስተረጉምለታለሁ፤ እኔ አማርኛ ስሳሳት እሱ ይስቅብኛል። ሁለታችንም ለአንድ ክለብ ስንፈርም ጋዜጠኞቹ «ሁለቱ ወንድማማቾች» አሉን፣ ፎቶአችንም አውቶቡስ ላይ ተለጠፈ። ፒያሳ ቪቶሪዮ በርበሬ ልገዛ ስገባ ባለሱቋ «ኳስ ተጫዋቹ መጣ!» ይላሉ። «እትዬ፣ እግር ኳስ አይደለም» ብላቸው አይሰሙኝም። ባላቸው ደግሞ «ቆይ፣ ኳሱን ለምንድን ነው ወደ ኋላ የምትወረውሩት? መሄጃችሁ ወዲያ ነው'ኮ!» እያሉ ይነዘንዙኛል። ዝና ማለት ለእኔ ይሄ ነበር፤ ደግሞም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አግብቶ ወንድ ልጅ ሲወለድለት ክርስትና እንዳነሳለት ጠየቀኝ። በአርባ ቀኑ ያንን የሚያህል ሰውነቴን በነጠላ ጠቅልዬ፣ አንድ ፍሬ ሕፃን ታቅፌ እንዳልጥለው ስንቀጠቀጥ ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሜዳ ላይም፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍልም «አበልጅ» ነው። ጣልያኖቹ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ኮምፓሬ» ብዬ ተረጎምኩላቸውና ገባቸው። እኛ ዘንድ ግን ከዚያም ይጠብቃል። ወንድም ከወንድሙ ይካካድ ይሆናል፤ አበልጅ አይካካድም። እንደዚያ ተብዬ ነው ያደግሁት።

የትከሻዬን ነገር መጀመሪያ ያወቀውም እሱ ነው። አንድ ልምምድ ላይ ከሚስኪያ ስንነሳ ወደ ዳር ወሰደኝና «ግራህ ምን ሆኗል? ጀርባዬ ላይ ይዞኝ ሳለ ይለቃል» አለኝ። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት። ጅማቱ ተጎድቶ ነበር፤ በግሌ ያየኝ ሐኪም ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ብሎኛል። ኮንትራቴ የሚታደሰው ግን በውድድሩ ማብቂያ ስለሆነ፣ ክለቡ ከሰማ እንደማያድስልኝ አውቃለሁ። እስከዚያ ብቻ ልቆይ ነበር ሐሳቤ።

«እኔ ሞቼ ነው ለሰው የምናገረው» አለ።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ከልቡ ነበር። ጨዋታ ባለ ቁጥር ሮማኒና ሰፈር ወዳለው ቤቱ እሄዳለሁ፤ ሚስቱ ልጁን እያጠባች፣ እሱ ትከሻዬን በፋሻ ጥፍር አድርጎ ያስርልኛል። ሚስኪያ ውስጥም ይበልጥ ጠጋ ብሎ የእኔን ድርሻ ይገፋልኝ ነበር። ይሄን የምናገረው ልመርቀው አይደለም። ባያደርገው ኖሮ እንዲህ አልቃጠልም ነበር።

በውድድሩ አጋማሽ አንድ የሰሜን ክለብ ወሰደው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሻንጣውን ተሸክሜ ሸኘሁት፤ ባቡሩ ሲሄድ አለቀስኩም። ከዚያ አዲሱ ክለቡ ሊገጥመን ሮም መጣ። ከጨዋታው በፊት ልስመው ስቀርብ በቀኝ ትከሻዬ ብቻ ሳመኝ፤ ግራዬን እንዳያሳምመኝ ብሎ ነው አልኩና ሆዴ ባባ።

ጨዋታው ሲጀመር የመጀመሪያው ኳስ የያዘ ሰው ቀጥ ብሎ በግራዬ መጣ። ጣልኩት። ሁለተኛውም በግራዬ መጣ። አጋጣሚ ነው ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ አምበላቸው «አ ሲኒስትራ! መሃለኛውን በግራው!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ዘወር ብዬ አበልጄን አየሁት። ሣሩን ያያል። ሜዳው ላይ ከእኔ ሌላ የትከሻዬን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ የጫማውን ክር እንዳላሰረ ሰው አቀርቅሯል።

እሱ ራሱ አንድም ጊዜ አልነካኝም። ኳስ ይዞ ፊት ለፊቴ ሲደርስ ለሌላ ያቀብላል፣ ወይ ዞሮኝ ያልፋል። ሌሎቹን እየላከ የራሱን እጅ ንጹሕ አደረገ፤ አበልጅነቱን በዚህ የጠበቀ መስሎት ይሆናል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ራሱ መጥቶ ቢሰብረኝ በተሻለኝ! ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንድ ግዙፍ ሰውዬ እየተንደረደረ መጣብኝ፤ ስይዘው ትከሻዬ ከቦታው ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

ቀዶ ጥገናውን ያደረገልኝ ሐኪም ሚስኪያ የሚባል ነገር ከእንግዲህ እንዳላስብ ነገረኝ። ክለቡም አመስግኖ አሰናበተኝ።

ከሆስፒታል ወጥቼ እናቴ ቤት ተኝቼ ሳለ ብርቱካን ይዞ መጣ። እናቴ ደስ ብሏት አገላብጣ ሳመችው፤ ለእሱ ስትል ዶሮ ልታሞቅ ወደ ኩሽና ሮጠች።

«አንተ ነህ የነገርካቸው?» አልኩት።

«አሎራ... እንግዲህ፣ አሰልጣኙ ጠየቀኝ። 'ከድሮ ክለብህ ምን ይዘህልን መጣህ' አለኝ። አዲስ ነኝ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነኝ። ምን ልበለው?»

«አላውቅም አትለውም?»

ብርቱካኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ቢበዛ ያደክሙሃል ብዬ እንጂ እንዲህ ይሆናል ብዬ መቼ አሰብኩ» አለ። ብጮህበት ደስ ባለኝ፤ እናቴ ግን ከኩሽና ትሰማኛለች። እሱ ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አደራህን፣ ለእማማ እንዳትነግራቸው። ለሚስቴም።»

አደራ አለኝ። እሱ፣ እኔን!

እናቴ ሰሃኑን ይዛ ገባች። አጠገቡ ተቀምጣ ጉርሻ እየጠቀለለች «ወይ ልጄን! አንተ ከጎኑ ብትኖር ኖሮ ማን ይደፍረው ነበር?» አለችው።

«እውነትዎን ነው፣ እማማ» አለ።

«እኮ! ሂድና እነዚያን ጓደኞችህን ጠይቅልኝ፤ ልጄ ምን በደላቸው? በል፣ ይቺን ለአበልጅህ ስትል ጉረስ» ብላ እጇን ዘረጋች።

አፉን ከመክፈቱ በፊት አየኝ። እናገር እንደሆነ እየጠበቀ ነበር። እናቴ እጇን ዘርግታ ትስቃለች፤ ከተኛሁ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዝም አልኩ።

ጎረሰ።