ወንድሜ ቢጫ አልሆነም

የእኔ ሰውነት ያስወጣውን በሽታ የወንድሜ ሰውነት ለምን አስቀመጠው? የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነን። ያደግነው በአንድ ክፍል፣ የተኛነው በአንድ ፍራሽ ነው። እሱ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እኔም በነገሩ ላይ እጄ የገባውን ሁሉ አንብቤያለሁ። ቁርጥ ያለ መልስ ግን ዛሬም የለኝም።

በሦስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሲያትል የመጣሁት እሱ አስመጥቶኝ ነው። እሱና ሚስቱ ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ አፓርታማ ነበረቻቸው፤ የሳሎኑ ሶፋ የእኔ ሆነ። እሱ የሆቴል ቫን ይነዳል፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር ይመራል። እኔ ጠዋት ጠዋት በአንድ የአረጋውያን ቤት ምግብ አዳርሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ ገብቼ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ባዮሎጂ እማራለሁ። ትምህርት ዘግይቶ ነው ያገኘኝ፤ ስለዚህ አንዲት መስመር እንኳ ሳይገባኝ አላልፍም ነበር። ጋሼ እንግሊዝኛውን «ሶ» አማርኛው ውስጥ እየጣለ በዚህ ይስቅብኛል።

«ፕሮፌሰሯ፣ ዛሬስ እንቁራሪት አረዳችሁ?»

«አናርድም። ከፍተን ውስጡን እናያለን።»

«ሶ፣ ሳትባርኩ ነው የምትከፍቱት? ሥጋው አይበላላችሁም።»

ሚስቱ ወጥ ቤት ሆና ትስቃለች። ያኔ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ «ድካም ነው» አለ። ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ፤ ክንዱ እየከሳ ሆዱ ተነፋ። ክሊኒክ የሄድነው ሦስታችንም ነን። ሐኪሙ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ መሆኑን፣ ብዙ ዓመት በውስጡ እንደቆየና ጉበቱን ጠባሳ በጠባሳ እንዳደረገው ነገረን። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። ደም ተሰጥቶህ ያውቃል? መርፌስ? ከሚስትህ ሌላ ሴት?

ለጋሼ እንግሊዝኛ አያንሰውም። ሚስቱ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን አለው?» አለችኝ።

ታላቅ ወንድሜን ሌላ ሴት ነበረችህ ወይ ብሎ የጠየቀውን ቃል፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ለሚስቱ በአማርኛ መናገር ነበረብኝ። ተናገርኩ። እሱ መሬት መሬት ያያል። እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። የምታስበው ካርቱምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ወደ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት እሷ አዲስ አበባ ቀርታ እሱ ብቻውን የኖረው ካርቱም ነው።

የእሷም የእኔም ደም ተመረመረ። እሷን አልያዛትም፤ ክትባት ተሰጣት። እኔን ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ፣ «አንቺን ድሮ ይዞሽ ነበር፤ ሰውነትሽ ጠርጎ አውጥቶታል» አለኝ። መቼ እንደያዘኝ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለጋሼ በሳህን ለብቻው ይቀርብለት ጀመር። በሽታው አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ ለሚስቱ አስረዳኋት። «አውቃለሁ፤ ሐኪሙም ነግሮኛል» አለችኝ። ሳህኑ ግን እንደተለየ ቀረ። የፈራችው በሽታውን አልነበረም።

እሱም አይከራከርም። አንዳንዴ ብቻ እኔና እሱ ስንሆን፣ «እኔ ምንም አላደረግኩም። ግን ከየት አመጣሁት?» ይለኛል። ሲጸልይም የማያውቀው ኃጢአት ካለ እንዲገለጥለት ይለምናል። ሳሎን ሶፋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ።

የሚቀጥለው ሴሚስተር ላይ መምህራችን ሰውነት ቫይረስን እንዴት እንደሚያውቅ አስተማረችን። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ ካለው ነገር ቁራሽ እያወጣ ለጠባቂ ሕዋሶች ያሳያል። የሚያሳይበት እጅ አለው እንበል። የእጁ ቅርጽ በዘር የሚወረስ ነው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ከሰው ሰውም ይለያያል። የአንዱ እጅ የአንድን ቫይረስ ቁራሽ አጥብቆ ይይዝና ያሳያል፤ የሌላው እጅ ያንኑ ቁራሽ አይጨብጠውም። ወንድምና እህትም ቢሆኑ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ሊወርሱ፣ አንዱን ብቻ ሊጋሩ፣ አንዱንም ላይጋሩ ይችላሉ። መምህሯ ቀጠለችና፣ በሄፓታይተስ ቢ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቫይረሱ ራሱ አይደለም አለች። ሰውነት የተያዙትን የጉበት ሕዋሶች ሲያፈርስ ነው ሰው ቢጫ የሚሆነው። ውጊያው ነው የሚታየው።

መጻፍ አቆምኩ። ልጆች ሆነን ቢጫ የሆንኩት እኔ ነበርኩ።

ስድስት ዓመቴ ነበር። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ እናታችን ሁለታችንንም ይዛ መድኃኒት አዋቂ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ክንዴን በምላጭ በጥ በጥ አደረጉት። ጮኽኩ፤ ሁለተኛውን ክንዴን አልሰጥም ብዬ ተንፈራገጥኩ። ጋሼ ሹራቡን አወለቀና፣ «እኔንም ይብጡኝ። አያምም እኮ፣ እዪ» አለ። ሽማግሌው ለእሱም መከላከያ ይሆነዋል ብለው በዚያው ምላጭ በጡት። ቅንድቡን እንኳ ሳያነቃንቅ እኔን እያየ ፈገግ አለ። ያኔ ክንዴን ሰጠሁ።

እኔ ዳንኩ። እሱ ቢጫ አልሆነም። እናታችን ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «እሱንማ አልደፈረውም» እያለች ታወራ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ቢጫ ያልሆነው ውጊያ ስላልነበረ ይመስለኛል።

ይመስለኛል ነው የምለው። ይህ ቫይረስ ሰው ልጅ ሳለ ሲይዘው የበለጠ ይቀመጣል ይላሉ፤ ግን የማንሰው እኔ ነበርኩ። እጆቻችን መለያየታቸውን የመረመረ የለም። ያኔ የነበሩት መጻሕፍትም በዚህ ቫይረስ ላይ እርግጠኛውን ቃል አልተናገሩም።

ለጋሼ ቶሎ አልነገርኩትም። ብነግረው የሚሞተው ለእኔ ብሎ በዘረጋው ክንድ ነው ማለቴ ነው። ባልነግረው ደግሞ በሚስቱ ዓይን ሴሰኛ ሆኖ ይሞታል። ሁለቱን እያመዛዘንኩ ወራት አለፉ።

አንድ ቅዳሜ ሐኪሙ ጉበቱ ላይ ዕጢ ወጥቷል አለን። ሚስቱ መድኃኒት ልትቀበል ስትቀር እኔና እሱ ቀድመን ወደ መኪናው ሄድን። በጊዜው የምነዳው እኔ ነበርኩ። ቀበቶው ሆዱን ስላመመው በእጁ ራቅ አድርጎ ይዞታል።

«አንድ ነገር አስቤያለሁ» አለኝ። «ካርቱም አንዲት ሴት ነበረች ብዬ ልንገራት።»

«ነበረች እንዴ?»

«አልነበረችም። ግን ብነግራት ታለቅሳለች፤ ከዚያ ይቅር ትለኛለች። እንዲህ ሳታውቅ ብሞት ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ ልትኖር ነው። የአንድ ቀን ውሸት አይሻልም?»

ነገርኩት። ምላጩን፣ ሽማግሌውን፣ የክፍሉን ትምህርት፣ የደሜን ውጤት፣ ሁሉንም። ስናገር መሪውን ነበር የማየው።

ቀበቶውን ፈታው። ከዚያ፣ «ሶ፣ ከቤት ነው» አለ።

«በእርግጠኝነት አይባልም፣ ጋሼ። ምናልባት አንተን ቀድሞ ይዞህ ኖሮ እኔን የያዘኝ ከአንተ ተላልፎ ይሆናል። ወይም ደግሞ እናታችን…»

«ፕሮፌሰሯ፣ እባክሽ ተዪኝ። ከቤት ነው አይደል?»

«ከቤት ነው።»

«እሰይ» አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫውን ጠረገና፣ «እማዬ እንዳትሰማ። ከአገር ቤት ኮል ስታደርግም፣ እኔ ከሞትኩ በኋላም። ሽማግሌው ዘንድ የወሰደችን እሷ ናት» አለኝ።

ሚስቱ የመድኃኒቱን ከረጢት ይዛ መጣች፤ ከኋላ ገብታ በሩን ዘጋች። ሞተሩን ላስነሳ ስል ክንዴን ያዘኝና ወደ ኋላ ዞረ።

«እህቴ የምትነግርሽ ነገር አላት» አላት።

ቁልፉን ነቅዬ ወደ እሷ ዞርኩ።