ሁለተኛ ምንጭ

ዓረብ አገር፣ አል ዑለያ ሰፈር ባለው የግል ትምህርት ቤት፣ ልጆችን መረጃ መፈለግና ማጣራት የምታስተምረው የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ ጮኻ አታውቅም። አባያዋን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ፣ ኢንሳይክሎፒዲያውን ከመንካታቸው በፊት የልጆቹን ጣት በመሐረብ ትጠርጋለች። ቀይ እስክሪብቶዋ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ምንጭ ማፊ፣ ነጥብ ማፊ፤ ምንጭ ከሌለ ነጥብ የለም» ትላቸዋለች፣ ፈገግ ብላ።

ነርሷ አክሱማዊት ልጇን ሐሴትን እየጎተተች የመጣችው ለጠብ ነው። ፈተናው «የምታውቁትን አንድ ነገር ከሁለት ምንጭ ጋር ጻፉ» ይላል። ሐሴት «አባቴ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ይመለሳል። ምንጭ፦ እማዬ» ብላ ጽፋ ዜሮ አግኝታለች።

«ሕፃን ልጅ እኮ ናት! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» አለች አክሱማዊት።

ሴትዮዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዓይኗ ወደ መደርደሪያው ሄደ። እዚያ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ጎን፣ አገር ቤት ለተወችው ልጇ ገዝታ ሳትልከው የቀረ፣ አቧራ የጠጣ የልጅ ጫማ ካርቶን አለ። ዋጋው እንኳ ከላዩ አልተነሣም።

«እንዲህ ያለውን ተስፋ ያመነ ልጅ ሲያድግ፣ ብትደውዪለትም ስልክ አያነሳልሽም፣ እህቴ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች። «ግድ የለም። ሁለተኛ ምንጭ ጥሪልኝና ዜሮውን አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ።»

የአክሱማዊት ባል ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ አስመትቶ ጠቅልሎ የሄደው ሌላ ሊያገባ ነው። አግብቷልም። ይህንን ከአንድ ሳይሆን ከሦስት ሰው ሰምታለች።

ሐሴት የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«ንገሪያት እንጂ፣ እማዬ! ሌላ ማን ነገረሽ?»