ክርስትና እናት ያጣ ጣሪያ

እትዬ ኡባልዲና፣ ኢኳዶር ውስጥ ኩዌንካ ከተማ መሀል ካለው የአባታቸው የጭቃ ቤት በቀር ምንም አልነበራቸውም። ቤቱ መቶ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ሆድ አውጥቷል። ማዘጋጃ ቤቱ ለቅርስ ቤቶች ማደሻ እርዳታ እንደሚሰጥ፣ ከታደሰ በኋላም ለፈረንጅ ጡረተኞች በደህና ዋጋ እንደሚከራይ ሲሰሙ አመለከቱ። ፎርሙ ግን ቤቱ መጀመሪያ ባዶ ይሁን ይላል።

ጓሮው ዙሪያ ሦስት ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ልብስ ሰፊዋ ላስቴኒያ ሃያ ስድስት ዓመት ኖራበታለች። "ስድስት ወር ብቻ ታገሱኝ" ብለው አስወጧቸው። ስድስት ወሩ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ማኅተም የሚያሳርፈው ሰውዬ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ጣሪያውን ለመሥራት የተቀጠርኩት እኔ በንዴት ልሞት ነበር።

በመጨረሻ ቤቱ አማረ። የቀረው በድሮው ፎቶ ላይ የሚታየው የጣሪያ መስቀል ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ያን ካላየ አይፈርምም። በእኛ ዘንድ ደግሞ መስቀሉን ጣሪያ ላይ የሚያወጣው ባለቤቱ አይደለም። ለጣሪያው ክርስትና እናት ወይም አባት የሆነ ሰው ያወጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ወዲያ ዘመድ ነው። እትዬ ልጅ የላቸውም፤ አንድ ወንድማቸውም ሞቷል። ስለዚህ እኔና እሳቸው በአውቶቡስ፣ አሁን ከከተማው ዳር ካለው ኮረብታ ጀርባ ወደምትኖረው ላስቴኒያ ሄድን።

"እኔ?" አለች ላስቴኒያ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። "ቤቱን ለፈረንጅ፣ መስቀሉን ለኔ? ብልጥ ነሽ እኮ!"

"ክፍልሽን እመልስልሻለሁ።"

"በድሮው ኪራይ?"

እትዬ ቦርሳቸውን አነሱ። እኔም አፈርኩላቸው። "ለማንኛውም ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ" ብለው ወጡ።

ቅዳሜ ሃያ ሰው የሚያጠግብ የአሳማ ጥብስና የበቆሎ ንፍሮ ሠሩ። ላስቴኒያ ስላልመጣች የበላነው እኔና ሁለት ሠራተኞቼ ነን። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን እያየ፣ "ታዲያ ራስዎ ለምን አያወጡትም?" አለ። ቂል! እኔ ልሰድበው አፌን ስከፍት እትዬ መስቀሉን ከእጄ ነጥቀው መሰላሉን ወጡ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው። እንዳይወድቁ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኳቸው።

መስቀሉን ካጸናን በኋላ ወደ ኮረብታው አማተሩ።

"ሴጉንዶ፣ የላስቴኒያ ቤት ከዚህ ይታያል?"

አይታይም፤ ከኮረብታው ጀርባ ነው።

"ያ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው" አልኳቸው።

ታች ተቆጣጣሪው ፎቶውን አንስቶ "አለቀ! ጸደቀልዎ!" እያለ ይጮኻል። እሳቸው ግን አልሰሙትም፤ ለሰማያዊው ቆርቆሮ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር።