ሾላው ጋ ስትደርሽ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ እጄን ይዛ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ትላንት የበላሁትን ዛሬ አላስታውስም። የልጆቿን ስም አቀያይራለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁለት ጊዜ በሰው ደጅ ገብቻለሁ። ሐኪሙ ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። "አባቴ፣ ከዚህ ተነሥተው ቤትዎ እንዴት እንደሚሄዱ ይንገሩኝ" አለኝ። ለሕፃን የሚቀርብ ጥያቄ ነው ብዬ ተናደድሁ፤ ቢሆንም መለስሁለት። በቡሬ መንገድ ወጥቼ፣ ሾላው ጋ ስደርስ ወደ ግራ ታጥፌ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ።

"አባባ፣ ምን ሾላ አለና?" አለች የልጅ ልጄ። "እዚያ ያለው እኮ ጎሚስታ ነው።"

ሐኪሙ አልሳቀም። ከጆሯችን ትይዩ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለች ትንሽ የአንጎል ክፍል አለች አለኝ፤ መንገድ የምንለይባትም ያለፈውን የምናስታውስባትም እሷው ናት። ስታረጅ ቶሎ የምትለቀው አዲሱን ነው፤ የቆየውን አጥብቃ ትይዛለች። እንደ ደግ ወሬ አድርጎ ነው የነገረኝ። እኔ ያቺን ነገር አባቱ ሳይወለድ ጀምሮ አውቃታለሁ። ራስ ውስጥ ቦታ እንዳላት ብቻ ነው ያላወቅሁ።

ጣልያን በገባ በሦስተኛው መስከረም ይመስለኛል። ከተማችን ያን ጊዜ ወጀት ነበር የምትባለው፤ ፍኖተ ሰላም፣ "የሰላም መንገድ" የሆነችው በኋላ ነው። እኔ ለመንገድ ሥራ ተይዤ ድንጋይ እፈልጣለሁ። ጠዋት ስም ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ቤቱ ይቃጠላል። የታላቅ እህቴ የጥሩወርቅ ባል ዱር ቤቴ ብሎ ከአርበኞቹ ጋር ከወንዙ ማዶ ነበር። ስንቅ የማደርስላቸው እኔ ነበርሁ፤ ለሥራ ከተያዝሁ ወዲህ ግን አልቻልሁም። ሥራ ሥር ቆፍረው እየበሉ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ጥሩወርቅ እኔው እወስዳለሁ አለች።

እሷ ደግሞ መንገድ አይያዝላትም። ከገበያ ስትመለስ ጎረቤት ቤት ገብታ ሸክሟን ካወረደች በኋላ ነው ቤቷ እንዳልሆነ የምታውቀው እያልን እንስቅባት ነበር።

ገና ጭጋጉ ሳይነሣ ደጅ ላይ ቆምን። በሶውንና የዳጉሳ ድርቆሹን በአንቀልባ፣ ልጅ አስመስላ አዝላዋለች።

"ሾላው ጋ ስትደርሽ ወደ ግራ ታጠፊ፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው" አልኋት።

"ግራና ቀኙ እኮ እዚያ ስደርስ ይምታታብኛል" አለች።

"የቅቤውን ቅል በግራ እጅሽ ያዢው። ሾላው ጋ ስትደርሽ ቅሉ ወዳለበት ዙሪ። ሾላውን እንደሆነ ዕውርም አይስተው፣ እታለም።"

"እንግዲህ ብጠፋ ፈላጊዬ አንተ ነህ" ብላ ሳቀች። ሄደች።

ሾላው አልነበረም። ከሦስት ቀን በፊት ጣልያኖቹ መንገዱን ለማቅናት አስቆርጠውታል። ገመዱን ከሳቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሲወድቅ ፍሬው መሬቱን ሞላው፤ ርቦን ነበርና ለቅመን በላን። ወተት የመሰለው ፈሳሹ እጄ ላይ ደርቆ በአመድ ባሸውም አልለቅ ብሎኛል። በዚያው እጄ ነው መንገዱን ያመለከትኋት።

ይህ እንዴት ይረሳል ትሉኝ ይሆናል። አልረሳሁትም። ሾላው የት ደረሰ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ተቆረጠ እለው ነበር። መንገድ ሲናገሩ ግን እንዲያ አይደለም። አፍ የሚከተለው እግር የለመደውን ነው፤ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ በለመደው መንገድ ላይ ሾላው ቆሟል። በኋላ፣ ሽበት ካወጣሁ ወዲህ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠርሁ። ያን ጊዜ ተምሬ ቢሆንስ እላለሁ አንዳንዴ። ምን ሊጠቅም! መንገዱን ጽፌ እሰጣት ነበር፣ ሾላውን ጨምሬ።

ቀትር ላይ ምሳ ብሉ ተባልን። ቆሎዬን ይዤ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ጉቶ ላይ ተቀመጥሁ። ማዶ ኑጉ ቢጫ ሆኗል፤ ከዝናቡ በኋላ ያለችው ፀሐይ ትፋጃለች። ግማሹን ያህል እንደ በላሁ ሰውዬው ላቡን ጠርጎ "ጥላችንን ራሳችን ጥለን ይኸው ፀሐይ በላን" አለ። ቀልዱ ነው። እኔ ግን የተቀመጥሁበትን አየሁ።

ቆሎውን በትኜ በቡሬ አቅጣጫ ሮጥሁ። ጠባቂው ከኋላዬ ይጮሃል። መንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጡ አሮጊት አገኘሁና ልጅ ያዘለች ሴት አልፋ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"አልፋለች፣ ልጄ" አሉኝ። "ሾላው ገና ነው ወይ አለችኝ። ገና ነው፣ ከፊትሽ ነው አልኋት።"

ከፊቷ ያለው ሌላ ሾላ ነው። ከእሱ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ የሚያበቃው የጣልያን ካምፕ በር ላይ ነው። ስደርስ ከሥሩ ማንም የለም። የእግሯ ዱካ ጭቃው ላይ ወደ ግራ ዞሯል። አላመነታችም፤ እንዳልኋት አድርጋለች። ከሽቦው ወዲያ የሰው ድምፅ ይሰማል። ገብቼ የላክኋት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አላልሁም። ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀምጬ ስፈራ ቆየሁና ተመለስሁ። ጅራፌን ተቀብዬ ድንጋዬን ፈለጥሁ።

ካምፑ ውስጥ የምትሠራ ሴት ኋላ እንደነገረችን፣ መንገዱን ማን አሳየሽ ቢሏት "ማንም፤ ጠፍቼ ነው" ብላለች። በሦስተኛው ቀን ገደሏት። ሬሳዋን አልሰጡንም።

እናቴ የጠቆመባት ሰው አለ ብላ አመነች። እኔም አላስተባበልሁም። እስክትሞት ድረስ ጸሎቷን በጨረሰች ቁጥር "ልጄን የጠቆመ መንገዱ ይጥፋበት" ትላለች። ከጎኗ ቆሜ አሜን እላለሁ። ስንት ዓመት አሜን አልሁ።

አሁን ሐኪሙ እርጅና ነው ይላል። ኪኒንም ሰጥቶኛል። ያቺ የነገረኝ የአንጎል ክፍል መርጣ የምታስቀር ቢሆን ኖሮ ጥሩወርቅን ባስቀረችልኝ። ፊቷ ጠፍቶብኛል። ሳቋ ይሰማኛል፤ ፊቷን ስፈልግ ግን የዚያ ጠዋት ጭጋግ ነው የሚመጣብኝ። ሾላው ቅጠሉ ሳይጎድል ቆሟል።

ትላንት ደግሞ ጠፋሁ። ራሴን ያገኘሁት ጎሚስታው በር ላይ ቆሜ ነው። ጎማ የሚለጥፈው ሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና "ማንን ፈልገው ነው፣ አባቴ?" አለኝ።

ስሟን ነገርሁት።

ትንሽ አሰበና፣ እንደዚያ የምትባል ሰው በዚህ አካባቢ አላውቅም አለኝ።