ሾፌሩ እንዳለውና ትንሹ ጂፒኤስ

እንዳለውን የፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የከብት ክትባት ወደ ገጠር የሚያደርስ ድርጅት ሾፌር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አሮጌዋን ላንድክሩዘር ሲነዳ ከቡሬ በታች እስከ ቆላው ድረስ ያልገባበት ጎጥ የለም። ጎማ ሲገዛ፣ ክሪክ ሲመረጥ፣ ድልድይ ተሰበረ ሲባል «እስቲ እንዳለውን ጠይቁት» ይባላል። ሰውየው ደግሞ መጠየቅ ይወዳል። ያልጠየቁት ቀን ምሳ እንኳ አይወርድለትም።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ታዲያ የቢሮው ኃላፊ ሰብለ ሾፌሮቹን ሰበሰበችና ለአራቱም መኪና ጂፒኤስ ሊገዛ ነው አለች። ክረምቱ ሳይገባ፣ አዲስ የተቀጠረ ሾፌር እንኳ ማንንም ሳይጠይቅ ቀበሌው እንዲደርስ ነው። ለሙከራ ሁለት ዓይነት አስመጥታለች። እንዳለው ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ወንዳወቅ አዞረችና «የትኛው ይሻለናል?» አለችው።

ወንዳወቅ ማን ሆነና? ከቡሬ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ሾፌር! እንዳለው እስከ ጆሮው ጋለ። ያ ጎረምሳ ግን እቃዎቹን እያገላበጠ ያስረዳ ጀመር። አንደኛው ትልቅ ስክሪን ያለው፣ መኪናው ፊት ላይ የሚገጠም ነው፤ ያምራል፣ ግን ፀሐይ ሲመታው አይታይም። የሚመራውም ካርታው በሚያውቀው መንገድ ብቻ ነው፤ ካርታው ደግሞ ከአስፋልቱ ወዲያ ባዶ ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ ጭቃ የነካው ጣት የሚጫነው ቁልፍ አለው፣ ኔትወርክ ባይኖርም የሄዱበትን መንገድ ራሱ ይመዘግባል።

«እኔ ትንሹን እመርጣለሁ፤» አለ ወንዳወቅ። «ግን መጀመሪያ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነድቶ ያስመዝግበው። ለዚህ ደግሞ ከጋሼ እንዳለው የተሻለ ሰው የለም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እንዳለው ግን አንጀቱ አረረ። በእግሩ እየወረደ፣ ጭቃውን በዱላ እየለካ ያወቀውን መንገድ እጅ በማትሞላ እቃ ውስጥ አራግፎ ሊሰጥ ነው? ከዚያ ወዲያስ ማን ይጠይቀዋል? ምስጋናውም ለመራጩ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። ማታ ለሚስቱ ለአደይ ሲያወራላት «ታዲያ አንተን እኮ ነው ከሁሉ መርጦ የጠራህ» ብትለው ተቆጥቷት ከቤት ወጣ።

ሐሙስ ዕለት እሱና ወንዳወቅ መንገዱን ሊያስመዘግቡ ወደ ቂርቆስ ደብር ወረዱ። ወደዚያ የሚወስደው ደህናው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ መሬት ጀርባ ያልፋል፤ ድንጋያማ ስለሆነ ክረምት ከበጋ መኪና ይሸከማል። ለእንዳለው ድሮ የፈቀዱለት የደብሩ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እሱም በደረሰ ቁጥር ከመኪናው ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ተሳልሞ ነው የሚያልፈው። መንገዱን ሌላ ሾፌር አያውቀውም።

የዚያን ቀን መገንጠያው ላይ ሲደርስ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው፤ ወደ ዋልካው ሜዳ። በሚያዝያ ጥቁሩ አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ምንም አይመስልም። ሐምሌ ላይ ግን መኪና እስከ በሩ ድረስ ይውጣል። እንዳለው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ወንዳወቅ ጂፒኤሱን ጭኑ ላይ አድርጎ «እርስዎ ባይኖሩ ማን ያገኘው ነበር ጋሼ?» ይላል። «እህ፤» ይላል እንዳለው። ክረምት ይምጣና ምርጫህን እናያለን ይላል በሆዱ። ጉድ እኮ ነው፤ ክትባቱ ጭቃ ውስጥ ሲቀር የገበሬው በሬ እንደሚሞት አንዴም አልታሰበውም። የታየው የወንዳወቅ ውርደት ብቻ ነበር።

ግንቦት መግቢያ ላይ ጂፒኤሶቹ ተገዙ፤ የተመረጠው ትንሹ ነው። ሰብለ ወንዳወቅን ሰው ፊት አመሰገነችው። እንዳለው እጁን አጣምሮ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ስብሰባው ሲበተን ወንዳወቅ ግቢው ውስጥ ለብቻው ጠራውና አንዱን ጂፒኤስ እጁ ላይ አኖረለት። ወደ ቂርቆስ በሚወርደው መስመር ላይ «የጋሼ እንዳለው መንገድ» የሚል ተጽፎበታል። በአራቱም ላይ እንዲሁ ነው።

እንዳለው ጂፒኤሱን ጠጋ አድርጎ አየው፤ መስመሩ በዋልካው በኩል ነው።

«አንድ ነገር ላንሣ፣ አይቀየሙኝ፤» አለ ወንዳወቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቅዳሜ ማንኩሳ ገበያ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስን አገኘኋቸው። የእንዳለው መንገድ በእኛ በኩል ነው እንጂ በዋልካው አይደለም አሉኝ። ገባኝ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይረሳል፤ ምንም ማለት አይደለም። ለሰብለም አልነገርኋት፣ ለማንም አልናገር። አንድ ቀን አብረን ወርደን ዝም ብለን እናስተካክለዋለን።»

ረሳ! እንዳለው መንገድ ረሳ! አንገቱን ነቅንቆ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ክፋቱንም ማንም አያውቅበት። ግን ከእንግዲህ ይህ ሰው በየመገንጠያው በሐዘኔታ ሊያየው ነው፤ ግራ ነው ቀኝ ብሎም ላይጠይቀው ነው። ያንን አልቻለውም።

«አልረሳሁም፤» አለ። «እያወቅሁ ነው የወሰድሁህ። ቀንቼብህ ነው።»

ወንዳወቅ ጂፒኤሱን ከእጁ ላይ በቀስታ አነሣና «ረስተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤» ብሎት ወደ መኪናው ሄደ።