የማን ዘንግ ነው

በዓመት ሁለት ሦስቴ ንስሐ አባቴ ፊት እቆማለሁ። ቁጣዬን እናገራለሁ፣ ሐሜቴን እናገራለሁ፣ የሻርኩትን ጾም በቀን ቆጥሬ እናገራለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ የለም ብያለሁ። ሚስቴ አታውቅም፣ ልጄ አያውቅም። ለእናንተ የምናገረውም ፊታችሁን ስለማላይ ነው እንጂ ድንገት ደፋር ሆኜ አይደለም።

ጋሽ ደምሴ አበልጄ ናቸው። ልጄን ናሆምን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። በዲቪ ስመጣ ከኤርፖርት ተቀብለው፣ ኦክላንድ ባለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ስምንት ወር አስቀምጠውኛል፤ አልጋቸውን ለኔ ለቀው ራሳቸው ሶፋ ላይ ተኝተዋል። በኋላ ሳን ሆዜ ወርጄ፣ ማውንቴን ቪው የካምፓኒ ሠራተኞችን የሚያመላልስ አውቶብስ መንዳት ጀምሬ፣ አግብቼ ልጅ ስወልድ፣ አበልጅ ይሁኑኝ ብዬ የሄድኩት እሳቸው ጋ ነው። ጋሽ ደምሴ ስደተኛ ሆነው በሱዳን በኩል የመጡ ሰው ናቸው። ፕሌዘንተን ውስጥ ቢሮ ያጸዳሉ፤ የሚያጸዱት ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ስለሆነ እንግሊዝኛ የሚያወሩት ሰው የላቸውም። ደብዳቤ ሲመጣላቸው የማነብላቸው እኔ ነኝ፣ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የማስተረጉምላቸው እኔ ነኝ። አፋቸው እኔ ነበርኩ። ይህን እንዳትረሱብኝ፤ አፋቸው እኔ ነበርኩ።

የዛሬ ስድስት ዓመት በነሐሴ፣ ሻስታ ሐይቅ ላይ ሃውስቦት ተከራየን፤ ኩሽናም አልጋም ያለው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቤት ነው። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ሰው ሱባዔ በሚይዝበት ሳምንት ሽርሽር ምን የሚሉት ነው ብላችሁ ብትቆጡ ቅር አይለኝም፤ የልጁ ትምህርት ሊከፈት ስለነበር ሌላ ሳምንት አላገኘንም። ጋሽ ደምሴም መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። ናሆም ስልኩን ይዞ «ጋሽዬ፣ ፕሊስ ካም!» ሲላቸው ተሸነፉና በሷቸውንና ውዳሴ ማርያማቸውን ይዘው መጡ። ለጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ የሚከራከሩ አሉ፤ እሳቸው ክርክሩ ውስጥም አይገቡም።

ጀልባው ከሚነሳበት አጠገብ ካለው ሱቅ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ትል ስገዛ «ለዚህ ነገር ፈቃድ አያስፈልግም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ያስፈልጋል። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ። ከኪሴ ስልኬን አውጥቼ እዚያው ቆሜ ልገዛው እችል ነበር። «አይ ጋሽዬ፣ ቦቱን ስንከራይ ሁሉም ኢንክሉድድ ነው» አልኳቸው። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ሚስቴና ናሆም ተኝተው ነበር። እኔ ከጀልባው በስተኋላ ባለችው በረንዳ ላይ ዘንጌን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ፤ ጋሽ ደምሴ ጥግ ላይ ቆመው የሚያደርሱትን ጸሎት ጨርሰው መጽሐፋቸውን ወደ ኪሳቸው ይመልሳሉ። ድንገት ክሩ ተሳበ። በሕይወቴ የመጀመሪያዋ ዓሣ ነበረች። ማውጫውን መረብ ግን ውስጥ ረስቼዋለሁ። «ጋሽዬ፣ ጋሽዬ፣ እስቲ አንዴ ያዙልኝ!» ብዬ ዘንጉን እጃቸው ላይ ጥዬ ሮጥኩ። እባብ የያዙ ይመስል ከሰውነታቸው አርቀው ያዙት። መረቡን ይዤ ስወጣ የጠባቂው ጀልባ አጠገባችን ቆሟል።

ወጣት ነው፤ የሐይቁን ዓሣ የሚጠብቅ፣ ደረቱ ላይ ባጅ ያለው መኮንን። ደህና አደራችሁ አለ፣ ጨዋ ነበር። ቀጥሎ «የማን ዘንግ ነው? ላይሰንስስ አለው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። የሚያየው ግን ጋሽ ደምሴን ነበር።

የኔ ነው ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል! ለምን አቃተኝ? የዜግነት ኢንተርቪዬን ሐምሌ ላይ አልፌ ለመስከረም የመሐላ ቀን ተቆርጦልኝ ነበር። ከመጥሪያው ጋር የመጣው ወረቀት፣ ከኢንተርቪው በኋላ ተከሰህ ወይም ትኬት ተጽፎብህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚወራውን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እገሌ ቀይ መብራት ጥሶ መሐላው ቀረበት፣ እገሊት በመኪና ግጭት ሁለት ዓመት ተጓተተባት። ያ ወረቀት ሳን ሆዜ ቤቴ ፍሪጅ ላይ በማግኔት ተለጥፎ ነበር፤ በዚያች ሰከንድ ሐይቁ መሐል ታየኝ። ምክንያቱን ነገርኳችሁ። ምክንያት እንጂ ማስተባበያ አላልኩትም።

ምን አደረግሁ? ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሬ፣ በአማርኛ፣ ፈገግ ብዬ፣ «ደህና አደሩ ወይ፣ ውሃው ተስማማዎት ወይ እያለ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ዘንጉን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ለሰውየው እጅ ነሡና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደስ የሚል ቦታ ነው በልልኝ» አሉ። እኔ ደግሞ ወደ መኮንኑ ዞሬ «የሳቸው ነው። ላይሰንስ እንደሚያስፈልግ አላወቁም፤ ይቅርታ እየጠየቁ ነው» አልኩት። ጎንበስ ማለታቸውን አይቷል፤ አመነኝ።

ወረቀቱን ሲያወጣ ነው የጋሽ ደምሴ ፈገግታ የጠፋው።

«ምንድነው ቢኒ? ምን አጠፋሁ?»

«ያለ ፈቃድ ዘንግ ይዘው ስላገኘዎት ነው። እዚህ አገር የሚጠየቀው የያዘው ሰው ነው።»

«አንተ ያዙልኝ ብለኸኝ አይደለም እንዴ! ንገረው እንጂ! ንገረው!»

«ነግሬዋለሁ ጋሽዬ። አልሰማም አለኝ።»

ነግሬዋለሁ አልኩ። በዚያች በረንዳ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩም። መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጡ፤ «ፈርሙ ካልከኝ እፈርማለሁ» ብለው ፈረሙ። መኮንኑ ዓሣዋን ከመንጠቆው አላቅቆ ወደ ውሃው መለሳት። በዚያ ጠዋት ነጻ የወጣነው እሷና እኔ ነን።

አንድ ጊዜ ፈርቼ የሠራሁት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለአባ እነግራቸው ነበር። ግን አላበቃም። የፍርድ ቤቱ ወረቀት ሲመጣ ቀርቦ መከራከር ይቻል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ያቀርባል። እኔ የፈራሁት ዳኛውን አይደለም፣ ሌላ አስተርጓሚን ነው። «በፖስታ ያልቃል ጋሽዬ፣ ምን ያለፋዎታል» ብዬ ጥፋተኛ ነኝ በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ አስፈረምኳቸው፤ ቅጣቱንም እኔ ከፈልኩ። «እንዳንተ ያለ አበልጅ ያብዛልኝ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ከውሸቱ ሁሉ ያቺ አሜን ታሳፍረኛለች።

እሳቸው ነገሩን አልደበቁም። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለአባ ተናገሩ፣ ለጓደኞቻቸውም ተናገሩ። በፍልሰታ ዓሣ ሲያጠምዱ ተያዙ ተባለና «ጋሽ ጴጥሮስ» የሚል ስም ወጣላቸው። ከቅዳሴ በኋላ «ጋሽ ጴጥሮስ፣ ዛሬስ መረቡን በየት በኩል እንጣለው?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። አብሬ እስቅ ነበር። እኔ፣ የዓሣዋ ባለቤት!

መስከረም ላይ ማልኩ። ትኬት የሚለው ጥያቄ ጎን የለም ብዬ ሞላሁ፤ በኔ ስም አልነበረማ። ጋሽ ደምሴ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ትንሿን ባንዲራ ይዘው መጥተው አጨበጨቡልኝ።

አሁን ወደሚከብደኝ ደረስኩ። በዚያው ሰሞን ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ለዜግነት ሊያመለክቱ ነበር። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አምስት አልፎ ግሪን ካርድ ከያዙ አሥራ አምስት ዓመት ስለሞላቸው ኢንተርቪውን በአማርኛ ማድረግ ይችላሉ፤ ይህን ቀን ሲጠብቁ ኖረዋል። ደብረ ብርሃን ያሉ እናታቸውን ማምጣት ይፈልጉ ነበር፤ እናት ማምጣት የሚችለው ደግሞ ዜጋ ብቻ ነው። «ቢኒ፣ ይቺ የዓሣ ትኬት ታበላሽብኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ጠበቃ እንጠይቅ አላልኳቸውም። ጠበቃው ነገሩ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ የሆነውን ከመናገር ሌላ አያውቁም። «ለጊዜው ይቆይ ጋሽዬ፣ ትንሽ ይረሳ። አንዴ ሪጄክት ካደረጉት ይብሳል» አልኩ። አመኑኝ። በየፋሲካው «አሁንስ?» ይሉኛል፣ «ትንሽ ይታገሱ» እላለሁ። እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል እናታቸው ሞቱ።

ኦክላንድ ቤታቸው ለቅሶ ተቀመጥን። ከዩኒየን ሲቲም ከሳን ሆዜም የመጣው ሰው ክፍሏን ሞልቷት ነበር። ጋሽ ደምሴ ጉልበታቸውን እየመቱ «ያቺን ዘንግ ባልነካ ኖሮ እናቴ እጄ ላይ ትሞት ነበር! ጥፋቱ የኔ ነው!» አሉ። ሰዉ አጽናናቸው። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ይዤ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ጋሽዬ» አልኳቸው። የኔን ሥራ ለእግዚአብሔር ሰጠሁት። ያኔ ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነበር? ማመልከቻው በጊዜው ቢገባ እናታቸው በርግጥ ይደርሱ ነበር ብዬ መማል አልችልም። እንዳይሞከር ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ፎርሙን ሞልታ ያስገባችላቸው ቤተ ክርስቲያናችን ያለች አንዲት ወጣት ናት። «ለዚህች ትኬት ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቁት?» ብላ ደነገጠች አሉ። ጋሽ ደምሴ ግን ስሜን አላነሱም። «እናቴን ባላመጣ፣ በዚህ አገር ፓስፖርት መቃብሯን በሰላም ሄጄ ልሳለም» ነው ያሉት። ባለፈው የካቲት ለኢንተርቪው ሲጠሩ ደወሉልኝ። «አስተርጓሚ ይዘህ ና ብለውኛል፤ ካንተ ሌላ ማንን አምናለሁ?» አሉኝ። ሥራ አለብኝ ማለት እችል ነበር። የሄድኩት ልረዳቸው ይመስላችኋል? ሌላ ሰው እንዳይሄድ ነው።

የኢሚግሬሽን መኮንኗ አስቀድማ እኔን አስማለችኝ። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተረጉም ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። ጥያቄዎቹ አለፉ፣ አለፉና ትኬት ተጽፎብዎት ያውቃል ወይ የሚለው መጣ። ጋሽ ደምሴ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ፤ ስድስት ዓመት ያሰቡበት መልስ ነው። «አዎ እመቤቴ። ሐይቅ ላይ አበልጄ ዓሣ ሲያጠምድ፣ መረብ ላምጣ ብሎ ዘንጉን ያዙልኝ አለኝ። ይዤለት ሳለ ጠባቂው መጣ። ፈቃድ አልነበረኝም፤ ጥፋቴ ነው» አሉ። አንድ ቃል አላዛነፉም። እኔ ደግሞ እጄን አንስቼ በማልኩ በሩብ ሰዓት ውስጥ «አዎ፣ ያለ ፈቃድ ዓሣ አጥምጃለሁ፤ አላወቅሁም ነበር» ብዬ ተረጎምኩ።

ሴትዮዋ ሳቀች። «ለመሆኑ ያወጡት ዓሣ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ይህቺን በትክክል ተረጎምኩላቸው። «እኔማ ፍልሰታ ላይ ነበርኩ፣ ዓሣ ምን ያደርግልኛል በላት» አሉ። «ምንም አልያዙም» አልኳት። ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እናታቸውን የቀበርንበት ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ ጋሽ ደምሴ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፤ «አፌ ሆነህ አሳለፍከኝ» አሉ።

አሁን ብናገር ወረቀታቸው ይበላሽባቸዋል የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ይህን ሐሳብ አውቀዋለሁ፤ እኔ ስፈራ የሳቸውን ስም ይዞ የሚመጣ ነው። እሳቸው አልዋሹም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እውነቱ ቢወጣ የሚያሳፍረው እኔን ነው፣ የሚጠየቀውም በሐሰት የማለው ነው። ይጠየቅ።

በሚቀጥለው ወር ይምላሉ። አጠገቤ ቁም ብለውኛል። ጋሽ ደምሴ አማርኛ የተጻፈበት ወረቀት ካገኙ መነጽራቸውን አድርገው መጨረሻው ሳይደርሱ አያስቀምጡም። ይህንንም ከመሐላው በፊት እጃቸው ላይ አኖረዋለሁ። ይቅር በሉኝ ብዬ እዚህ አልጽፍም፤ እናት የሚመልስ ይቅርታ የለም፣ እሳቸው ደግሞ ቶሎ ይቅር የሚሉ ሰው ስለሆኑ ቸርነታቸውን ልጠቀምበት አልፈልግም። የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህቺን እንኳ ማንም ሳያስተረጉምላቸው በገዛ ዓይናቸው እንዲያነቧት።

ጋሽዬ፣ ያን ቀን ጠዋት «ንገረው» ብለውኝ ነበር። ነግሬዋለሁ አልኩዎት።

አልነገርኩትም።